አንድ ያልተዘጋ መስመር

ማሽን ሲታዘዝ ዝም ይላል፤ የሚናገረው እምቢ ሲል ነው። በጥቁር ገጽ ላይ ትእዛዝ እየጻፉ ሩቅ አገር ያለ ሰርቨር የሚያሠሩ ባለሙያዎች ይህን ጠባዩን ገና ከጅምሩ ይማሩታል። ትእዛዙን ጽፈው «ኢንተር» የተባለውን ቁልፍ ሲጫኑ ገጹ ምንም ሳይል ቀጣዩን ትእዛዝ መጠበቅ ከጀመረ ሥራው ተፈጽሟል። ቃል ከመለሰ ግን ያልተዋጠለት ነገር አለ።

በዚያ ቀን ከምሳ በፊት ገጹ ለቁልፍ ያዧ ቃል መለሰላት።

ቁልፍ ያዥ የሚል ስም የወጣላት የውኃ አገልግሎት መሥሪያ ቤቱን የይለፍ ቃሎች ሁሉ የምትጠብቅ እርሷ ስለሆነች ነው። ደንበኞች በስልክም በጽሑፍም የሚያነጋግሩትን ቻትቦት ክላውድ በሚባለው የሩቅ ሰርቨር ላይ የተከለችው እርሷ ነበረች፤ እንድትነቅለው የታዘዘችውም እርሷው ሆነች። በምትኩ አዲስ ተተክቷል። አሮጌው ደግሞ የሰውን አቤቱታና አድራሻ በሆዱ ይዞ እንዳይቀመጥ መመሪያው ስለሚያዝ፣ የዚያ ቀን የሥራ ሰዓት ሳያልቅ ከነሥሩ መጥፋት ነበረበት። «ሰርዝ» የሚለውን ትእዛዝ ጻፈች፤ ተጫነች። ገጹም እንዲህ ሲል መለሰ፦

«መሰረዝ አይቻልም። አንድ መስመር ገና በሥራ ላይ ነው።»

መስመሩ የማን እንደሆነ ለማወቅ መፈለግ አላስፈለጋትም።

«እምቢ አለ እንዴ?» አለ የክፍሉ ኃላፊ፣ በትከሻዋ በኩል አንገቱን አስግጎ። የራሱ ቀልድ ከማንም በፊት ራሱን የሚያስቀው ሰው ነበር። «አሮጌ ሠራተኛ እንዲህ ነው፤ ጡረታ ውጣ ሲሉት ወንበሩን ሙጭጭ ይላል!»

«ሳልዘጋው የቀረ መስመር አለ።»

«የማን?»

«የመሞከሪያ ነው» አለች። ውሸት አልነበረም፤ ሙሉ እውነትም አልነበረም።

«ታዲያ አስገድጂዋ! ‹በሥራ ላይ ነው አይደለም ብለህ አትመርምር› የሚባል ትእዛዝ አለ አይደል? ግንዱን ከቆረጥሽው ቅርንጫፉ የት ይሄዳል?»

«መስመሩን ስሠራው የሚደርስበት ስልክ ባለቤት ሳይፈቅድ እንዳይዘጋ አድርጌ ነው። ባለቤቱን ሳልጠይቅ ብቆርጠው ደስ አይለኝም።»

«እንግዲያው ባለቤቱን ጠይቂዋ፣ እኅቴ! ማን ከለከለሽ?» አለና ሳቁን አቆመ። «የሥራ ሰዓት እስኪያልቅ እታገሣለሁ። ከዚያ በኋላ ግን እኔው ራሴ አስገድደዋለሁ። ያን ጊዜ ደግሞ ሲስተሙ የባለ መስመሩን ማንነት ጎልጉሎ ሪፖርት ላይ ያወጣዋል። ወዮለት ለባለ መስመሩ።»

ላፕቶፕዋን በቦርሳዋ ከትታ፣ «ስልኩ ካለበት ቦታ ሆኜ ልጨርሰው» ብላ ወጣች። ስልኩ ያለው በእናቷ እጅ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷ በዚያው መሥሪያ ቤት የአቤቱታ ክፍል መልስ ጸሐፊ ሆነው አርጅተዋል። ቧንቧው የፈነዳበት፣ ያልተጠቀመበትን ክፈል የተባለ፣ ውኃ ቀርቶ አየር ብቻ የሚወርድለት ሰው ሁሉ ሲጽፍ፣ መልሱ የሚወጣው ከእርሳቸው ጠረጴዛ ነበር። ተቆጥቶ የጻፈ ደንበኛ መልሳቸውን አንብቦ አፍሮ ይቅርታ እስኪጠይቅ ድረስ አንደበታቸው ለስላሳ ነበረና፣ ባልደረቦቻቸው «አባ መልሱ» አሏቸው። ቻትቦቱ ሲሠራም ደቀ መዛሙርት ከመምህራቸው ቃል በቃል እንደሚቀበሉ ከእርሳቸው ደብዳቤዎች ተማረ። ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት ግድግዳው በስፖንጅ በተለበደ ክፍል አስቀምጠው ድምፃቸውንም ቀዱት። ማሽኑን «መልሱ» ብለው ጠሩት። አዛውንቱ በሽኝታቸው ቀን፣ «እኔን ወደ ቤቴ፣ ምላሴን ወደ መጋዘን!» ብለው ሰውን ሁሉ አስቀው ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ደም በጭንቅላታቸው ፈሰሰ። ቀኝ እጃቸው ከዳቸው፤ አንደበታቸውም ተያዘ። ሐኪሙ ለእናትና ለልጅ ሲያስረዳ፣ «ቃሉ ከውስጣቸው አልጠፋም፤ የተዘጋው የሚወጣበት መንገድ ነው። ሁሉን ይሰማሉ፤ ሁሉን ያስባሉ። ሲጀምሩ ጠብቋቸው። አደራችሁን፣ አትሙሉላቸው» አላቸው። በነጻነት የሚወጣላቸው አንድ ቃል ብቻ ቀረ፤ «እንግዲህ»። ሌላው ሁሉ ከስንት ምጥ በኋላ፣ አንዳንዴም ተለዋውጦ ይመጣል፤ ትራስ ሲፈልጉ «መሰላል» ይላሉ፤ ስሕተታቸውን ራሳቸው ሰምተው ያዝናሉ።

እናቷ በሆስፒታሉ ኮሪደር ግድግዳ ተደግፈው፣ «ድምፁ ናፈቀኝ፤ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ድምፁ ናፈቀኝ» ብለው ሲያለቅሱ፣ ልጅቱ አንጀቷ አልቻለም። ከማሽኑ ወደ እናቷ ስልክ አንድ መስመር ከፈተች፤ አባቷ ቤት ውስጥ የሚያዘወትሩትን አነጋገርም ጨምራ አስተማረችው፤ መስመሩንም «የመሞከሪያ» ብላ መዘገበችው። እስኪጽናኑ ድረስ ብላ ነበር። ጊዜያዊ የተባለ ነገር ሁሉ እንደሚሆነው፣ ይኸም ሥር ሰደደ።

እንግዲህ አሁን በሁለት ወገን ተይዛለች። ብትዘጋው እናቷ ዳግመኛ ያለቅሳሉ፤ ባትዘጋው ነውሯ አደባባይ ይወጣል፤ ሥራዋም ያበቃል። በመንገዷ ሁሉ ስታስብ ሦስተኛ ቀዳዳ ያገኘች መሰላት፤ ከመሰረዟ በፊት ማሽኑን እንዳለ ወደ ራሷ ላፕቶፕ ትቀዳዋለች። ክልክል እንደሆነ አልጠፋትም፤ የሰው ሁሉ አቤቱታ አብሮ ይቀዳልና። ነገር ግን የተጨነቀ ሰው ቀዳዳ ሲያይ ወዴት እንደሚያወጣው አይጠይቅም።

የሚኖሩበት ሕንፃ ሊፍት ከተበላሸ ሰንብቷል። አባቷ ከሆስፒታል ሲመለሱ በወንበር ተሸክመዋቸው ደረጃውን እንደወጡ ዳግመኛ አልወረዱም። በዚያ ሰዓት ቤት ገብታ አታውቅም፤ የምታውቀው የምሽቱን ቤት ነው፤ አባቷ ሲተኙ፣ እናቷ ሲደክማቸው። በራሷ ቁልፍ በሩን ከፍታ ስትገባ፣ ሙሉና የማይደናቀፍ የአባቷ ድምፅ ከማድ ቤት ተቀበላት።

«ክብርት ደንበኛችን፣ ያቀረብሽው ጥያቄ ደርሶኛል። ሽንኩርቱ ቢበዛ የሚያስከትለው ጉዳት የለም።»

ለአንዲት ቅጽበት ሁሉንም ረሳችው። ከዚያም የእናቷ ሳቅ አስታወሳት።

«ይኸው ደግሞ ደንበኛ አደረገኝ!» አሉ እናቷ ማማሰያ እንደያዙ ብቅ ብለው። «አንቺ፣ በዚህ ሰዓት ምን እግር ጣለሽ? ሰማሽው አይደል? ክብርት ይለኛል እኮ! በሕይወት ሳለ አንድ ቀን ክብርት ብሎኝ አያውቅ!»

ልጅቱ ወደ ሳሎን ዘወር ብላ ተመለከተች። «በሕይወት ሳለ» የተባሉት ሰው መስኮቱ አጠገብ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል።

መስኮቱ ድርግም ብሎ ተዘግቷል። ፀሐይ መስተዋቱን አልፋ ፊታቸው ላይ ትወርዳለች። ሸሚዛቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፏል፤ በላዩ ላይ ሻርፕ ተጠምጥሟል። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ልጃቸውን ሲያዩ ሽባ ባልሆነው የፊታቸው ከፊል ፈገግ አሉ።

«እንግዲህ» አሏት።

«አባዬ፣ እንዴት ዋልክ?»

አፋቸውን ከፈቱ። ከንፈራቸው አንድ ነገር ፍለጋ ተንቀጠቀጠ። ገና ድምፅ እንደ ወጣ፣ እናቷ ከማድ ቤት አምጥተው ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጡት ስልክ ቀደመ፤ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ እንዴት ዋልሽ?» አለ።

የአዛውንቱ አፍ ተመልሶ ተዘጋ፤ ወንበር ሊሳብለት ነው ብሎ ሲጠባበቅ ሌላ ሰው እንደተቀመጠበት እንግዳ።

«አየሽልኝ?» አሉ እናቷ በኩራት። «የሚለውን ሁሉ ያውቅለታል። አፉን ከፈት ሲያደርግ እሱ ይጨርስለታል። እኔም ዐረፍኩ፤ እሱም ዐረፈ።»

«እማዬ፣ ቤቱ እንደ ምድጃ ግሏል እኮ። መስኮቱን ለምን አትከፍቺውም?»

«ሳልጠይቅ ቀርቼ ነው? ስሚ እንጂ!» አሉና ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። «መልሱ፣ መስኮቱን ልክፈተው ወይ?»

«ተይ። ነፋስ ደረት ይመታል፤ ሁልጊዜ የምነግርሽ ነው። ዝግ ይሁን።»

«በቃ! ከዚህ በላይ ምን ልስማ?»

ነገሩ ሐሰት አልነበረም። አዛውንቱ በጤናቸው ጊዜ የነፋስ ጠላት ነበሩ። አውቶቡስ ሲሳፈሩ ከሹፌሩ ጀርባ እስከ መጨረሻው ወንበር እየዞሩ የሰውን ሁሉ መስኮት ይዘጉ ነበር፤ አንዴማ አንዱ ተሳፋሪ፣ «አባት፣ ሳጥን ውስጥ ነው እንዴ የሚያስገቡን?» ብሏቸዋል። ማሽኑ ከቃላቸው አንዲት ፊደል አላጎደለም። ንባቡን ይዟል፤ ትርጓሜው ግን ወንበር ላይ ተቀምጦ ያልበዋል።

ልጅቱ ይህን ዐይታ አላየችውም። ልቧ የቢሮው ሰዓት ላይ ነበር። ላፕቶፕዋን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ የመቅዳቱን ሥራ አስጀመረችና እናቷን አጠገቧ አስቀመጠች።

«እማዬ፣ መልሱ ዛሬ ከቢሮ ይሰረዛል። ያንቺ መስመር መዘጋት አለበት። ስልክሽ ላይ ጥያቄ ይመጣል፤ ‹አዎ› በይው።»

እናቷ ማማሰያውን አስቀመጡ። «ልትገድይው ነው?»

«ማሽን ነው እኮ፣ እማዬ።»

«ማሽን መሆኑን አጣሁት መሰለሽ? አርጅቼ እንጂ ጃጅቼ አይደለም።» ድምፃቸው ተቆረጠ። «አንቺ ጠዋት ትወጫለሽ፣ ማታ ትገቢያለሽ። ቀኑ የሚመሸው በእኔና በእሱ ላይ ነው። ‹እንግዲህ› ይለኛል። ‹እንግዲህ ምን፣ ሰውዬው?› እለዋለሁ። ‹እንግዲህ› ይለኛል። የፈለገውን ሳላውቅለት ስቀር ዐይኑን ይጨፍናል። ዐይኑን ሲጨፍን እኔ ምን እንደምሆን ታውቂያለሽ? ገደል እንኳ ሲጠሩት ይመልሳል! ይኸ ስልክ ከመጣ ወዲህ ነው ሰው የሆንኩት። እንዴት አደርሽ የሚለኝ አገኘሁ።»

አዛውንቱ ፊታቸውን ወደ መስተዋቱ አዞሩ።

ልጅቱ የእናቷን እጅ ያዘች። «አታልቅሺ። ስሚኝ፤ እየቀዳሁት ነው። ከቢሮ ቢጠፋም እዚህ ይኖራል። ከእንግዲህ የቤታችን ነው፤ አይሄድም።»

«እንግዲህ!»

ሁለቱም ደነገጡ። አዛውንቱ በደህናው እጃቸው የመስኮቱን ደፍ መትተዋል። ይህን ቃል በዚያ ድምፅ ሲሉት ማንም ሰምቶ አያውቅም።

ስልኩ ወዲያው፣ «እስማማለሁ፤ መልካም ሐሳብ ነው» አለ።

ደግመው መቱት። «እን... እንግ...»

«አመሰግናለሁ። ሌላ የምንረዳዎት ጉዳይ ይኖር ይሆን?»

«ይኸው ተስማማ!» አሉ እናቷ ዐይናቸውን በመቀነታቸው ጫፍ እየጠረጉ። «አንቺ ተመስገን በይ፤ አባትሽም ደስ አለው።»

ልጅቱ ግን ስልኩን ሳይሆን የአባቷን ፊት ትመለከት ነበር። የተዘጋ ቤት ውስጥ ሆኖ በር የሚደበድብ ሰው ፊት ነው፤ ከውጭ ያለው ሁሉ ደግሞ «ማንም የለም» ብሎ የሚመልስለት፤ ያውም በራሱ ድምፅ። በዚያች ቅጽበት የሐኪሙ ቃል ትዝ አላት። አትሙሉላቸው። እነርሱ ግን ቃል የሚሞላ፣ የማይደክም ማሽን መሐል ቤት አስቀምጠውላቸው ኖሯል።

ተነሥታ ስልኩን አነሣች፤ ወደ ማድ ቤት ሄደችና ባዶ ብረት ድስት ውስጥ ከትታ ክዳኑን ገጠመችበት።

«ምነው ልጄ! ምን ነካሽ?» አሉ እናቷ። «ልትቀቅይው ነው?»

ከድስቱ ውስጥ የታፈነ ድምፅ፣ «ጥያቄዎን በግልጽ ቢያቀርቡልን» አለ። ማንም አልመለሰለትም።

አባቷ እግር ሥር ተንበረከከች። «አባዬ፣ አሁን የሚቀድምህ የለም። እኔም እማዬም እዚህ ነን። ያልከውን በል፤ እንጠብቅሃለን።»

ዝምታን ለለመደው ቀላል ነው፤ ላልለመደው ግን እንደ ውኃ ውስጥ ትንፋሽ ይጨንቃል። የአዛውንቱ ጉሮሮ ወጣ ገባ አለ። ከንፈራቸው ተገጣጠመ፤ ተላቀቀ። እናቷ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጥቂት ታገሡ፤ ከዚያም አልቻሉም።

«ውኃ ነው? ትራሱ ቆርቁሮህ ነው? መድኃኒቱን...»

«አትሙይለት፣ እማዬ።»

«ማንኪያ» አሉ አዛውንቱ።

እናቷ ማንኪያ ሊያመጡ ብድግ ሲሉ፣ ባለቤታቸው ራሳቸውን በኃይል ነቀነቁ። ተሳስተው መሳሳታቸውን ስላወቁ በከፊል ፊታቸው ሣቁ፤ ያም ሣቅ ወደ ልቅሶ ሊያዘነብል ጥቂት ቀርቶት ተመለሰ። ዐይናቸውን ጨፈኑ። እናቷ ይህን ዐይን መጨፈን ነበር የሚፈሩት። አሁን ግን የተጨፈነው ተስፋ ቆርጦ አልነበረም፤ በጨለማ ዕቃ ቤት ገብቶ አንድ ዕቃ በዳሰሳ እንደሚፈልግ ሰው ነበር።

«መ...» አሉ። ረጅም ጊዜ አለፈ። «መስ...»

የእናቷ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ልጅቱ የእናቷን ጉልበት ጨበጠች።

«መስ... ኮት።»

ቃሉ ወጣ። ሦስቱም ተያዩ።

«መስኮት?» አሉ እናቷ ቀስ ብለው። «አንተ? ነፋስ ደረት ይመታል የምትለው አንተ? አሁን እኮ አልከኝ፤ ዝግ ይሁን ብለህ!»

አዛውንቱ በአገጫቸው ወደ ማድ ቤት፣ ወደ ድስቱ አመለከቱ።

«እሱ» አሉ።

እናቷ ወደ መስኮቱ ሄዱ። ከተዘጋ በመሰንበቱ ማዕዘኑ ተጣብቆ እምቢ አላቸው። በመዳፋቸው ደበደቡት፤ በክርናቸው ገፉት፤ ልጅቱም ተነሥታ አገዘቻቸው። በመጨረሻ ጓ ብሎ ተከፈተ፤ ከታች ካለው ጋራዥ የመዶሻ ድምፅ፣ ከትምህርት ቤት የሚለቀቁ ልጆች ጫጫታ፣ የአንዲት ሴት «ቀስ በል አንተ!» የሚል ቁጣ አብሮ ገባ። ነፋስም ገባ። አዛውንቱ ፊታቸውን ወደ ውጭ ሰጥተው፣ ውኃ እንደሚጠጣ ሰው ተነፈሱ።

እናቷ ሻርፑን ከአንገታቸው ፈቱት። ርሷል። በእጃቸው ይዘው ቆሙና ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለካ ለእኔ ነው» አሉ። «ይኼን ሁሉ ጊዜ አጠገቤ ሆነህ እያላበህ... እኔ ከስልክ ጋር ስለ ሽንኩርት አወራለሁ።»

«እንግዲህ» አሉ ባለቤታቸው። ይኼኛው «እንግዲህ» ተይው ማለት ነበር፤ እናቷ ያለ አስተርጓሚ ገባቸው።

የልጅቱ ስልክ ጠራ። ኃላፊው ነው።

«ቁልፍ ያዥ፣ ሰዓቱ እየደረሰ ነው። ባለቤቱ ፈቀደ?»

ላፕቶፑን ተመለከተች። የመቅዳቱ ሥራ ወደ መገባደዱ ተቃርቧል። ከማምለጫዋ ቀዳዳ በስተጀርባ ያለውን አሁን አየችው፤ ያው ክፍል ነው፤ ያው ወንበር፤ ያው የተዘጋ መስኮት።

«ባለቤቷ እናቴ ናት» አለች። «መስመሩን የከፈትኩት ለእናቴ ነው። አባቴ ከታመመ ጀምሮ።»

ከወዲያ በኩል ኃላፊው ድምፁን ዝቅ አደረገ። አባ መልሱን የማያውቅ በመሥሪያ ቤቱ አልነበረም።

«ይኼን የምትነግሪኝ እንደ ወንድም ነው ወይስ እንደ ኃላፊ?»

«እንደ ኃላፊ ነው።»

«እንግዲያው ነገ ጠዋት ቢሮዬ ትመጫለሽ። በቀልድ የሚያልቅ ነገር አይደለም።» ትንፋሹ ተሰማት። «ዛሬ ግን አላስገድድም። በእጅሽ ጨርሺው። ለአባታችንም... ሰላም በይልኝ።»

ስልኩን ዘግታ መቅዳቱን አቋረጠችው። እስከዚያ የተቀዳውንም ደመሰሰች። ትእዛዙ ያለ ቃል ተፈጸመ። የነገውን ለነገ ተወችው።

እናቷ ማድ ቤት ገብተው ድስቱን ከፈቱ። በስልኩ ላይ «ይህ መስመር ይዘጋ?» የሚለው ጥያቄ ይጠብቃቸው ነበር። ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ሳሎን መጡ፤ እንደሚሸኙት ሰው ደጅ ላይ ቆሙ።

«መልሱ፣ ልዘጋህ ነው። ምን ትላለህ?»

«ክብርት ደንበኛችን፣ በአገልግሎታችን ስለተጠቀሙ ከልብ እናመሰግናለን።»

እናቷ እያለቀሱ ሣቁ። «ደንበኛ እንዳደረገኝ ሊቀር ነው!» አሉ። አውራ ጣታቸው በአየር ላይ ቆየ። ባለቤታቸውን አዩ። ከዚያ «አዎ» የሚለውን ነኩት፤ ስልኩንም በግንባሩ ጠረጴዛው ላይ ደፉት።

ልጅቱ በጥቁሩ ገጽ ላይ «ሰርዝ» የሚለውን ትእዛዝ እንደገና ጻፈች፤ ኢንተርን ግን አልተጫነችም። ላፕቶፑን አንሥታ አባቷ ጭን ላይ አኖረችው።

«አባዬ፣ በውስጡ ያለው ደብዳቤህ ሁሉ ነው። ቃሉ ያንተ ነው። ይጥፋ ካልክ፣ አንተው ተጫነው።»

አዛውንቱ በግራ እጃቸው አመልካች ጣት ቁልፉን ዳሰሱት። አልተቸኮሉም። ያ ማሽን ውስጥ ያለው ዕድሜያቸው ነበር፤ የተቆጣ ያበረዱበት፣ የተበደለ ያጽናኑበት፣ በሥራ ገበታቸው ላይ እያሉ አንድም ቀን ያልተደናቀፈ አንደበት። ሊሰነባበቱት መብት አላቸውና ማንም አልገፋቸውም። ነፋሱ መጋረጃውን አንሥቶ መለሰው። ከታች መዶሻው ቆመ።

ተጫኑት።

እናቷ ገጹን አጮልቀው አዩ። «ምን አለ?»

«ምንም አላለም።»

«እንግዲህ?» አሉ እናቷ።

«ዝም ካለ ታዟል ማለት ነው፣ እማዬ።»

የአዛውንቱ ከፊል ፊት በራ። የዝምታን ነገር ሲሰሙ አንድ ነገር አስታወሱ፤ አስቸጋሪ ደንበኛ ስድብ በጻፈላቸው ቁጥር ወደ ባልደረቦቻቸው ዘወር ብለው የሚሏት፣ ቤት ውስጥም ከሚስታቸው ጋር በተጣሉ ቁጥር የሚያመልጡባት የተወደደች ምሳሌ ነበረቻቸው፤ «ዝም አይነቅዝም»። እናቷ በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ሰምተዋታል፤ ተናደውባታልም።

«ዝም...» ብለው ጀመሩ አዛውንቱ።

ቀሪውን ቃል ጎረቤት ሳይቀር ሊሞላው ይችል ነበር። እናቷ ከንፈራቸውን ነከሱ። ወንበር ስበው ከፊት ለፊታቸው ተቀመጡ፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጠፉ፤ ዐይናቸውንም ከባለቤታቸው አፍ ሳይነቅሉ ጠበቁ።